አስቀድሶ የማይቆርብ ሰው

ቅዳሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ነገር የሚሄድ ሥርዓት ነው፤ ወደ መብላትና ወደ መጠጣት። በቤተ ልሔም የተጋገረው ኅብስት፣ ከዘቢብ የተጨመቀው ወይን፣ አምስቱ ልዑካን፣ ዕጣኑ፣ ንባቡ፣ ዜማው፣ ሁሉም የሚያገለግሉት ሥጋውና ደሙ ከመቅደስ ወጥቶ ለሕዝቡ ለሚሰጥባት ሰዓት ነው። እንግዲህ አንድ እሑድ በየትኛውም አጥቢያ ቆመን፣ ይህች ሰዓት ስትደርስ ዙሪያችንን ብንመለከት የምናየው ነገር ሊያስገርመን በተገባ ነበር፤ ስለለመድነው ግን አያስገርመንም። እናቶች ሕፃናታቸውን ታቅፈው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ነጠላቸውን ያጣፉ ጥቂት አረጋውያን ይከተሏቸዋል። የቀረው ሕዝብ፣ ሌሊት ተነሥቶ የመጣው፣ ለሰዓታት በእግሩ የቆመው፣ ሲሰግድና ተሰጥኦ ሲመልስ ያነጋው፣ ካለበት ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ የቅዳሴ ጠበል ጠጥቶ፣ መስቀል ተሳልሞ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማዕዱ ተዘርግቶ ነበር፤ የተጠራውም መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አልበላም። ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው? ያምናል ወይስ አያምንም? ካመነ ለምን አይቀርብም? ካላመነስ ለምን ይመጣል?

ቶሎ የሚመጣው መልስ «ሕዝቡ አልተማረም» የሚለው ነው። ከስብከቱም፣ ከጽሑፉም፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም አፍ ይህንኑ እንሰማለን። መልሱ ነገረ መለኮትንና የዕለት ኑሮን ለየብቻ አስቀምጦ ይነሣል፤ ትምህርቱ በሊቃውንቱ ጉባኤ ምሉዕ ሆኖ ተቀምጧል፣ ወደ ሕዝቡ አልወረደም፣ ስለዚህ የጎደለው የሚያወርደው ሰው ብቻ ነው ይላል። እኔ ይህን መልስ የምጠራጠረው የሰዎቹን የራሳቸውን መልስ ስሰማ ነው። ያንን ቆሞ የሚመለሰውን ሰው «ለምን አትቆርብም?» ብትሉት «አላምንበትም» አይላችሁም። «እኔ? በዚህ ኃጢአቴ?» ይላችኋል፤ ወይም «አልበቃሁም» ብሎ ዝም ይላል። አልበቃሁም የሚል ሰው ያልበቃለት ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። ዳቦ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ለዳቦ አልበቃሁም አይልም። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በቃሉ ላይቆጥር ይችላል፤ ከሥላሴ፣ ከሥጋዌና ከጥምቀት ቀጥሎ፣ ከትንሣኤ ሙታን በፊት፣ ቁርባን አራተኛ ዓምድ ሆኖ እንደሚቆጠርም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ሆኖም አራተኛው ዓምድ በጉልበቱ ውስጥ አለ፤ ወደ ፊት እንዳይራመድ የሚይዘውም እርሱ ነው። ያልተማረ ሰው ብዙ ነገር ይሆናል፤ ከማያውቀው ነገር ፊት ግን እንዲህ አይንቀጠቀጥም።

እንዲያውም ነገሩን ወደ ኋላ ተከትለን ብንሄድ የዚህን ሰው ፍርሃት ሥር የምናገኘው እዚያው በሊቃውንቱ ክርክር ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኬልቄዶንን ጉባኤ ሳትቀበል የቀረችው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ቃል ሥጋ ከሆነ በኋላ መለኮቱን ለብቻ፣ ሥጋውን ለብቻ አድርጎ መናገር አይቻልም፣ ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ ሆኗል ብላ። ስለዚሁ ነገር በአገራችንም ብዙ ቀለም ፈሷል፤ አሳዛኙ ነገር ቀለም ብቻም አልፈሰሰም። የቅብዐትና የጸጋ ሙግት ትውልድ ከትውልድ ሲያጨቃጭቅ ኖሮ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት ቦሩ ሜዳ ላይ በጉባኤ ተፈረደ። የመንዝ ገበሬ ስለ ኬልቄዶን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ የክርክሩን መደምደሚያ ግን ይኖረዋል። ሥጋው ከመለኮቱ የተለየ ቢሆን ኖሮ ሥጋውን ዳስሶ መለኮቱን ሳይነኩ መመለስ በተቻለ ነበር። ካልተለየ ግን በጻሕሉ ላይ ያለውን የሚቀበል ሰው እሳቱን ራሱን ይቀበላል፤ መሸሻ የለውም። ሊቃውንቱ በጥቅስና በምሳሌ የሚያስረዱትን ገበሬው ባለመቅረቡ ይመሰክራል። ስለዚህ ነገረ መለኮትና ኑሮ ተለያይተዋል የሚለው ክስ እዚህ ላይ አይሠራም። ተገናኝተዋል፤ ያውም አጥብቀው።

እዚህ ላይ ግን ማቆም አይቻልም፤ ተዋሕዶ የምትለው ሁለት ነገር ነውና። መለኮት ከሥጋ አልተለየም ትላለች፤ ሥጋም በመለኮት አልተዋጠም ትላለች። ያለ ውላጤ፣ ያለ ሚጠት፣ ያለ ቱስሕት የሚሉት ቃላት የተደረደሩት ለዚህ ሁለተኛው ነው፤ ሥጋው ሥጋ ሆኖ እንዲኖር፣ የተራበው፣ መንገድ ያደከመው፣ በወዳጁ መቃብር ፊት ያለቀሰው የእኛው ሥጋ መሆኑ እንዳይጠፋ። አውጣኪ የተወገዘው ይህን ስላጠፋ ነው። ባዕዳን እኛን ራሳችንን በአውጣኪ ስም ሲከሱን አሥራ አምስት ክፍለ ዘመን አልፏል፤ ሊቃውንቶቻችንም ያንን ያህል ዘመን ክሱን ሲመልሱ ኖረዋል። በቃል ደረጃ መልሳቸው የተሟላ ነው፤ የሚጨመርበት የለኝም። የእኔ ጥያቄ በቅጽሩ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። ሰው ሆኖ ወደ እኛ የመጣውን፣ እንድንበላው የተሰጠንን፣ የማይጠጉት እሳት ብቻ አድርገን ከሩቅ ስንቆም ሥጋው ወዴት ሄደ? ሥጋን የለበሰው እንድንቀርበው አልነበረምን? በሲና ተራራውን መንካት ለሕዝቡ ክልክል ነበር፤ ሙሴ ለብቻው ወጣ። በቤተ ልሔም ግን ሌሊቱን ከመንጋቸው ጋር የነበሩ እረኞች ቀጥ ብለው ገቡ፤ ልብሳቸውን ለውጡ ያላቸው የለም። እኛ ከቤተ ልሔም በኋላ የምንኖር ሰዎች እሑድ ጠዋት የምንገኘው ከሲና ሥር ነው። አውጣኪን በመጽሐፍ እናወግዘዋለን፤ በዐጸዱ ግን ሥጋው እንደተዋጠ ሆነን እንቆማለን። ይህ ከባድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህ የሚቀልል ቃል ብፈልግ ግን አላገኘሁም።

ነገሩ በእኛ የተጀመረ አይደለም። ዮሐንስ አፈወርቅ በዘመኑ ቆመው እያዩ የማይቀበሉትን አጥብቆ ገሥጿል፤ ለቁርባኑ ካልበቃችሁ ለጸሎቱስ እንዴት በቃችሁ የሚል ነው የግሣጼው መንፈስ። በምዕራብም የ1215ቱ የላተራን ጉባኤ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በፋሲካ እንዲቆርብ በሕግ አዘዘ፤ ይህን ማዘዝ ማስፈለጉ በራሱ የዘመኑን ሁኔታ ይናገራል። የሮማው ጳጳስ ፒዮስ አሥረኛ በ1905 ዘወትር መቁረብን ካበረታቱ ወዲህ በዚያ ወገን ሰልፉ ረዝሟል፤ የንስሐው ሰልፍ ደግሞ አጠረ ብለው ራሳቸው ያማርራሉ። ስለዚህ ከማዕዱ መራቅን የኢትዮጵያዊ ልማድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ መቅረብ ብቻውንም ነገሩን አይጨርሰውም።

የእኛ የሆነው ነገር ዕድሜው ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው፣ ሜሮን ተቀብተው፣ በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ሕፃኑ በቅቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ የሰፈር ልጆች እህል ሳይቀምሱ ውለው ይቆርባሉ፤ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲመለሱ ማየት ለእናቶቻቸው ትልቅ ደስታ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ይመጣል፤ ማንም አይመዘግበውም። የልጁ ድምፅ ይጎረንናል፤ ልጅቷ ከእናቷ እኩል መቆም ትጀምራለች፤ ወደ ፊት መሄዱም ይቀራል። የከለከላቸው የለም፤ የነገራቸውም የለም፤ ግን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ነው፣ ሥራ ፍለጋ ነው፣ ፍቅር ነው፣ የሰማንያ ጋብቻ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ ከወንድም ጋር በርስት መካሰስ ነው። በቁርባን የተጋባ መፋታት እንደማይችል ሁሉም ያውቃልና ብዙው ሰው ትዳሩንም ከቁርባን ውጭ ያስረዋል። ቁርባን የሚመለሰው ፀጉር ሲሸብት ነው። ልጆቻቸውን የዳሩ ባልና ሚስት አንድ ቀን «እስቲ አሁንስ እንቁረብ» ይባባላሉ፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ «ቆራቢ ናቸው» ይባላሉ፣ እንደ ማዕረግ።

ይህን ቅደም ተከተል ረጋ ብሎ ለተመለከተው በውስጡ ያልተነገረ ትምህርት አለው። ለማያውቅ ይገባል፣ መመኘት ላቆመም ይገባል፣ እያወቀ ለሚመኝ ግን አይገባም ይላል። ነገር ግን ከእምነት ጋር ይገናኝ የምንለው የዕለት ኑሮ ማለት በትክክል ይህ መካከለኛው ዘመን አይደለምን? ሰው የሚሸጠው፣ የሚዋሸው፣ የሚያገባው፣ የሚፈርደው፣ የሚቀጥረውና የሚቀጠረው በዚህ ዕድሜ ነው። ሥጋ ሥጋነቱ በሚበረታበት ዘመን ከሥጋው እንርቃለን፤ ሲደክም እንመለሳለን። እንዲህ ከሆነ ብቃት የምንለው ምንድን ነው? ፈተና አለመኖር ከሆነ የ70 ዓመቱ ሰው አልበቃም፤ ደክሟል እንጂ። ድካምን ከቅድስና በምን እንለየዋለን? ንጽሕና ከሆነስ፣ 18 ሰዓት መጾሙን፣ ከመኝታ መለየቱን፣ ይህን ሁሉ ሥርዓት ጎልማሳውም ሊፈጽመው ይችላል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከዚያ የሚከብድ ነገር ይፈጽማልና። ብቃት ማለት «በቅቻለሁ» ለማለት መቻል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል፤ በቅቻለሁ ያለ ሰው በዚያው ቃሉ ወድቋል። ራሱ ካህኑ ከመቀበሉ በፊት የሚጸልየው አለመብቃቱን ነው። እንግዲያው ያ ከቅጽሩ የማይነቃነቀው ሰው የሚናገረው «አልበቃሁም» የሚል ቃል ሊያቀርበው የሚገባ ቃል ነበር፤ እርሱ ግን ይህንኑ ቃል ይዞ ይመለሳል።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሳይገባው የሚበላ ፍርድን ለራሱ ይበላል ብሎ መጻፉን የማያውቅ የለም፤ ፍርሃታችን ሁሉ በዚህ ቃል ላይ ቆሟል። ግን ይህን ያስጻፈው ምን ነበር? ሀብታሞቹ ቀድመው መጥተው ይበላሉ፣ ይሰክራሉ፤ ድኾቹ ዘግይተው መጥተው ይራባሉ። ሐዋርያው ይህን ነው ያልታገሠው። ስለዚህ አለመገባት ሲል በመጀመሪያ ያሰበው ሰው በሌሊቱ ለብቻው ያደረገውን አልነበረም፤ በማዕዱ ላይ ከጎኑ ያለውን መናቁን ነው። እኛ ይህን ቃል ወስደን ወደ ገላችን አዞርነው። ሰው ራሱን ሲመረምር ስለ ምኞቱና ስለ ገላው ንጽሕና ይጠይቃል፤ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ፣ ስላባረራት የቤት ሠራተኛ፣ በሚዛኑ ላይ ስላጎደለው እህል «አልበቃሁም» የሚል ጎልማሳ ግን አልገጠመኝም። ቢገጥመኝ የጳውሎስን መልእክት በትክክል ያነበበ ሰው አገኘሁ እል ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ የራሴን ክስ መከራከር ይገባኛል፤ ሕዝቡ ሌላም ማዕድ አለውና። በየወሩ በ7 ለሥላሴ፣ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም የሚሰበሰበውን የጽዋ ማኅበር ማለቴ ነው። ባለተራው ዳቦውን ይጋግራል፣ ጠላውን ይጠምቃል፤ ካህኑ መጥቶ ይባርካል። የተጣሉ አባላት ካሉ ጽዋው ሳይቀመስ እንዲታረቁ ሽማግሌ ይገባል። ከደጅ ያለው ነዳይ ድርሻ አለው። በሳምንቱ በሚዛን ያጭበረበረ ነጋዴ፣ ጸሐፊው፣ መበለቲቱ፣ ጎረምሳው ከአንድ ድፎ ይቆርሳሉ፤ ጽዋውም ወደሚቀጥለው ባለተራ ቤት ይሄዳል። እዚህ ማንም አልበቃሁም አይልም። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ያጣውን ነገር በአንድ ጭቃ ቤት ውስጥ ያገኘዋል፤ የቆየ ሁሉ የሚጠበቅበት፣ ድኻው የማይራብበት ማዕድ። ታዲያ ሥጋው ወዴት ሄደ ብዬ የጠየቅኩት ጥያቄ መልሱ እዚህ ይሆን? ሕዝቡ ሥጋውን አላስዋጠም፤ ወደ ቤቱ ወስዶታል ማለት ይቻላል። በመቅደስ ሊቀርበው ያልደፈረውን ቀረቤታ በመደቡ ላይ አግኝቶታል። ሊቃውንቱ በመጽሐፍ የሚጠብቁትን የሥጋዌ ትምህርት እናቶች በሞሰብ ጠብቀውታል።

ለጥቂት ጊዜ በዚህ መልስ ተጽናናሁ። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ስም ትዝ አለኝ፤ መለኮትንና ሥጋን በመለየት የተወገዘው ንስጥሮስ። በመቅደስ የማይቀረብ መለኮት፣ በቤት የማይፈራ ሥጋ፤ እሑድ አንድ ማዕድ፣ በወሩ 21 ሌላ ማዕድ፤ አንዱ ፍርሃት ያለው እርቅ የሌለው፣ ሌላው እርቅ ያለው ፍርሃት የሌለው። ይህ ሁለት አካል ማድረግ አይደለምን? ከአውጣኪ አመለጥን ስንል ንስጥሮስ ከበር ቆሞ ጠበቀን። ተዋሕዶ እውነት ከሆነች፣ እኔም እውነት ናት ብዬ አምናለሁ፣ ሁለቱ ማዕዶች ተለያይተው ሊኖሩ አይገባም። በጽዋው ላይ ያለው እርቅ ለቁርባኑ መዘጋጃ ሊሆን፣ በቁርባኑ ፊት ያለው ፍርሃትም በሚዛኑና በደመወዙ ላይ ሊያርፍ ይገባል። ዛሬ የጽዋው እርቅ በጽዋው ያልቃል፤ የቅዳሴው ፍርሃት ከቅጽሩ በር አይወጣም። ጾሙ እንኳ፣ ወደ ማዕዱ እንዲያደርስ የተሠራው ጾም፣ በፋሲካ ሌሊት ያለ ቁርባን በዶሮ ወጥ ይፈታል።

በከተሞች ወጣቶች በተክሊል መጋባት፣ በ25 እና በ30 ዓመታቸውም መቁረብ መጀመራቸው በጎ ነገር ነው፤ ሽማግሌዎች «በዚህ ዕድሜህ?» ቢሏቸውም። ሆኖም በዚህ ብቻ አልረጋም። ፍርሃቱ ጠፍቶ መቅረቡ ብቻ ቢቀር መለኮቱን ጥለን ሥጋውን ያዝን ማለት ነው፤ መቁረብም «እኔ ከእናንተ እሻላለሁ» የሚባልበት ምልክት ከሆነ ከቆሮንቶስ ሀብታሞች ጎን አስቀመጠን። የገበሬው መንቀጥቀጥ እንዲጠፋ አልመኝም። የምመኘው እየተንቀጠቀጠ እንዲመጣ ነው።

ሁለቱንም ማዕድ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ የነፍስ አባት። እሑድ በመቅደስ ይቆማል፤ በወሩ መጨረሻ በቤታችን ዳቦውን ይባርካል። በነገረ መለኮትና በኑሮ መካከል ማን ይቁም ብለን ኮሌጅና ጉባኤ ስንፈልግ እርሱ በመደባችን ላይ ተቀምጧል። ግን ሲመጣ ምን ይሆናል? ጠበል ይረጫል፤ እንንበረከካለን፤ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይለናል፤ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። አይጠይቀንም፤ አንነግረውም። ቤተሰቡ ብዙ፣ ደመወዙ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ከእጃችን የሚበላ ሰው ሊጠይቀን ማፈሩንም አውቃለሁ፤ ይሉኝታ ከኬልቄዶን ይልቅ ጎድቶናል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ቢሆንም ከእርሱ ሌላ ይህን ጥያቄ የማንሣት ሥልጣን ያለው ሰው የለም፤ ሥልጣኑ የተሰጠው ለዚህ ነውና።

ስለዚህ አባቶቻችን፣ በሚቀጥለው ዝክር ስትመጡ ከምርቃቱ በፊት አንድ በአንድ ወደ ጓዳ ጥሩንና ለምን እንደማንቆርብ ጠይቁን። «አልበቃሁም» ስንላችሁ ይህን እንደ መልስ አትቀበሉን፤ ከማን ጋር እንደተጣላን፣ የማንን ደመወዝ እንደያዝን ጠይቁን፤ ከዚያም ቀኑን ቁረጡልን።